በትንሽ ብር ጌሚንግ ፒሲ ስትገጣጥሙ ዕቃ እንዴት ትመርጣላችሁ (ለአዲስ አበባ ገበያ)

"ይሄን ያህል ብር አለኝ፣ የትኛውን ግራፊክስ ካርድ ልግዛ?" ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። እኔ ሁሌም መልሼ የምጠይቀው ፓወር ሰፕላይህ (ለፒሲው ዕቃዎች መብራት የሚያከፋፍለው ሳጥን) ምንድነው ብዬ ነው። ይሄን የምለው የመጀመሪያዬን ፒሲ ስገጣጥም ኬዙን ከነፓወር ሰፕላዩ አንድ ላይ ገዝቼ ስለነበር ነው፣ ላዩ ላይ 500 ዋት ይላል፣ ባለሱቁም 500 ነው አለኝ፣ እኔም አምኜ ገጠምኩት። ክረምት ላይ አንድ ማታ መብራት ሄዶ ሁለት ሶስቴ ብልጭ ጥፍት ብሎ ሲመጣ ፓወር ሰፕላዩ ጧ አለ፣ ማዘርቦርዱንና ሃርድዲስኩንም ይዟቸው ሄደ። ግራፊክስ ካርዱ ብቻ ነው የተረፈው። ስንት ወር ያጠራቀምኩት ብር ነበር። በኋላ ስቲከሩን በደንብ ሳነበው 12 ቮልቱ ላይ 18 አምፔር ነው የሚለው፣ 12 ሲባዛ በ18 ደግሞ 216 ዋት ነው። 500 የሚለው በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነበር።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይሄን ልመዱ። ፓወር ሰፕላይ ስትገዙ ትልቁን ቁጥር ተዉት፣ ጎኑ ላይ ያለችውን ሰንጠረዥ አንብቡ፣ +12 ቮልት የሚለው ስር ስንት አምፔር እንዳለ አይታችሁ በ12 አባዙት። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚበሉት ከ12 ቮልቱ ነው፣ ስለዚህ ጥሩ 500 ዋት የሚባለው 12 ቮልቱ ብቻውን ወደ 40 አምፔር የሚጠጋ መሆን አለበት። በእጃችሁም አንሱት፣ ውስጡ ምንም የሌለው ፓወር ሰፕላይ በጣም ይቀላል። 80 ፕላስ የሚለው ምልክት መብራት ምን ያህል እንደማያባክን ነው የሚናገረው፣ ሁሉንም ጥራት አይናገርም፣ ምልክቱም በውሸት ይለጠፋል። እኔ ስሙን ሰምቼው የማላውቀውን አዲስ ከምገዛ ያገለገለ ኮርሴር፣ ሲሶኒክ፣ ኩለር ማስተር ወይም ኢቪጂኤ በደህና ሁኔታ ላይ ያለ ብገዛ እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ርካሾቹና የድሮዎቹ ላይ ከኋላ 115 እና 230 የምትል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለች። የኛ መብራት 220 ስለሆነ 230 ላይ መሆን አለባት፣ 115 ላይ ሆና ከሰካችሁት በዛችው ሰከንድ ነው የሚቃጠለው። አሜሪካ ያለ ዘመድ ፓወር ሰፕላይ ወይም ሙሉ ፒሲ የሚልክላችሁ ከሆነም ስቲከሩ ላይ 100-240 የሚል መኖሩን በፎቶ አስልካችሁ እዩ፣ እሱ ካለ የሶኬት ገመዱን ብቻ ነው የምትቀይሩት።

እሺ አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። መጀመሪያ የምትወስኑት ምን እንደምትጫወቱና ምን ሞኒተር ላይ እንደምትጫወቱ ነው። ብዙዎቻችን የምንጫወተው ኢኤ ኤፍሲ፣ ጂቲኤ 5፣ ካውንተር ስትራይክ 2፣ ቫሎራንት፣ ፎርትናይት ምናምን ነው፣ ለነዚህ ከባድ ማሽን አያስፈልግም። ቤት ያለው ሞኒተር 1080ፒ 60 ኸርዝ ከሆነ ደግሞ ካርዱ በሰከንድ 200 ፍሬም (ምስል) ቢያወጣም ስክሪኑ የሚያሳያችሁ 60ውን ነው። አዳዲስና ከባድ ጌሞችን እጫወታለሁ የሚል ሰው ሌላ ነው፣ እሱ ቢያንስ 8 ጂቢ ሚሞሪ ያለው ካርድ ያስፈልገዋል።

ዋጋ በብር አልጽፍላችሁም ምክንያቱም ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት በሳምንቱ ውሸት ሊሆን ይችላል፣ ይልቅ ድርሻውን ልንገራችሁ። ከጠቅላላ በጀታችሁ ላይ መጀመሪያ ለዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ጥቂት ደቂቃ የሚይዘው ባትሪ) የሚሆን ቀንሱና ለብቻው አስቀምጡት፣ ከዛ ከቀረው ውስጥ ከመቶ ከ35 እስከ 40 የሚሆነው ለግራፊክስ ካርድ፣ ከ25 እስከ 30 ለፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ፣ 10 ለፓወር ሰፕላይ፣ የተረፈው ለራም፣ ለኤስኤስዲና ለኬዝ። በብዛት የማየው ስህተት የተገላቢጦሹ ነው፣ ሰው ውድ ፕሮሰሰርና የሚያበራ ኬዝ ይገዛና ለግራፊክስ ካርዱ ብር ያጥረዋል፣ ከዛ 2 ጂቢ ካርድ ይዞ ይቀመጣል። ጌም ላይ ፍሬም የሚያመጣላችሁ ካርዱ ነው።

ግራፊክስ ካርድ ላይ ትንሽ ቆየት ልበል ምክንያቱም ብራችሁን በብዛት የሚበላውም የምትሸወዱበትም እዚህ ጋ ነው። በአነስተኛ በጀት ለኔ አንደኛ የሚመጣው አርኤክስ 6600 ነው፣ 8 ጂቢ ነው፣ 132 ዋት ብቻ ነው የሚበላው፣ አንድ ባለ 8 ፒን ኬብል ይበቃዋል፣ 1080ፒ ላይ አብዛኛውን ጌም በሃይ ሴቲንግ ያጫውታል። መብራት ስለማይበላ ዩፒኤሳችሁም ይሸከመዋል፣ ይሄ ለኛ ሀገር ትልቅ ነገር ነው። አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጂቢው በተቀራራቢ ዋጋ ከተገኘ እሱም አሪፍ ነው፣ በተለይ ቪድዮ ኤዲቲንግና ብሌንደር ለምትሰሩ፣ 170 ዋት ነው። ከነዚህ በታች ደግሞ ጂቲኤክስ 1650 አለ፣ 4 ጂቢ ነው፣ ግን 75 ዋት ብቻ ስለሆነ የራሳቸው የፓወር ኬብል የማያስፈልጋቸው አይነቶች አሉት፣ እነሱ ከማዘርቦርዱ ቀዳዳ ብቻ ነው የሚጠቀሙት።

አርኤክስ 580 ገበያው ላይ ሞልቷል፣ ርካሽም ነው፣ 8 ጂቢ የሆነውም አለ፣ ግን ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ብዙው ማይኒንግ (በካርድ ዲጂታል ገንዘብ ማምረት) ላይ የከረመ ነው፣ መስከረም 2015 ላይ ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ በካርድ ማይን መደረጉ ሲቀር የማይነሮቹ ካርድ በብዛት ወደ ገበያ ወጣ፣ ታጥቦና ፋኑ ተቀይሮ "ስላይትሊ ዩዝድ" ተብሎ ይሸጣል። ማይኒንግ ላይ ነበር ማለት ሞቷል ማለት አይደለም፣ ግን በዋጋው ልክ መሆን አለበት፣ ፈትናችሁም ነው መግዛት ያለባችሁ። ደግሞ 185 ዋት ነው የሚበላው፣ 2048ኤስፒ የሚባል የተቀነሰ አይነትም አለው፣ ሙሉው 580 ሼደሩ (ምስሉን የሚያሰሉት ትንንሽ ኮሮች) 2304 ነው፣ ጂፒዩ-ዚ በሚባለው የካርዱን ማንነት በሚያሳይ ፕሮግራም ላይ 2048 ካላችሁ የተቀነሰው ነው ማለት ነው።

እንዳትሳሳቱ የምፈልገው አንድ ካርድ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ነው። አዲስ በካርቶን ስለሚገኝ ያጓጓል፣ ግን 4 ጂቢ ነው፣ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘውም በአራት መስመር ብቻ ነው፣ ፒሲአይኢ 4 (የካርዱ ቀዳዳ የፍጥነት ደረጃ ነው) ባለው ቦርድ ላይ ይሄዳል፣ እኛ በብዛት የምንገዛቸው ቢ450 እና ኤ520 ቦርዶች ግን ፒሲአይኢ 3 ናቸው፣ እነሱ ላይ ሲገባ ጉልበቱ በደንብ ይወርዳል። ጌም ስትጫወቱ ሪከርድ የሚያደርግላችሁ ኢንኮደርም የለውም።

ያገለገለ ካርድ ስትገዙ "ቴስት አድርጌዋለሁ" የሚለውን ቪድዮ አትመኑ። ሻጩን ፒሲ ያለበት ቦታ ቅጠሩት፣ ሱቅ ሊሆን ይችላል ጌም ዞን ሊሆን ይችላል፣ ፍላሽ ላይ ፈርማርክ (ካርዱን አስጨንቆ የሚፈትን)፣ ጂፒዩ-ዚ እና ኤችዋኢንፎ (ሙቀቱን የሚያሳይ) ጭናችሁ ሂዱ። ካርዱን ከመሰካታችሁ በፊት ገልብጣችሁ እዩት፣ ብሎኖቹ ተጋግጠው ከሆነ ተፈቷል፣ ቦርዱ ላይ እንደ ዘይት የሚያብረቀርቅ ፈሳሽ ካለ ከሙቀት ብዛት ቴርማል ፓዱ (ሙቀት የሚያስተላልፈው ለስላሳ ንጣፍ) የለቀቀው ሊሆን ይችላል፣ የተቃጠለ ሽታ ካለው ወዲያው መልሱለት። ፋኖቹን በጣታችሁ አዙሯቸው፣ ቢንገጫገጩ ወይም ቢይዙ ዋጋ ላይ ይቀነስ። ከዛ ጂፒዩ-ዚን ክፈቱ፣ የድሮ ካርድ ባዮሱ (ውስጡ የተጫነው ሶፍትዌር) ተቀይሮ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ተብሎ የሚሸጥ አለ፣ ጂፒዩ-ዚ ፌክ ከሆነ ስሙ ላይ ፌክ ብሎ ይጽፍላችኋል። የ10 ሲሪየስ ካርድ ሆኖ ሰማያዊው የቪጂኤ ቀዳዳ ካለውም ተጠራጠሩ። በመጨረሻ ፈርማርክን ቢያንስ 20 ደቂቃ ልቀቁት፣ ሻጩ ቸኩያለሁ ቢል እንኳን አትልቀቁት፣ ችግር ያለበት ካርድ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች አሪፍ ሆኖ ይሰራና ሲሞቅ ነው ነጠብጣብ የሚያወጣው ወይም ስክሪኑ የሚጠፋው። ሆትስፖት (የቺፑ በጣም የሞቀው ቦታ) የሚለው ሙቀት ከ100 ዲግሪ ካለፈ ቺፑና ኩለሩ መሃል ያለው ፔስት ደርቆ ሊሆን ይችላል፣ ይሄ ይስተካከላል ግን ዋጋ ላይ አንሱት።

ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ ላይ ብዙ አልቆይም። ኤኤም4 የሚባለው የኤኤምዲ ሶኬት ለኛ በጀት ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ያገለገለው ሞልቷል፣ ራሙም ዲዲአር4 ነው፣ ዛሬ ትንሹን ገዝታችሁ ነገ እዛው ቦርድ ላይ ትልቁን መግጠም ትችላላችሁ። ራይዘን 5 5600 ባለ 6 ኮር 12 ትሬድ ነው፣ 65 ዋት ነው፣ በካርቶኑ ከገዛችሁት ከነኩለሩ ነው የሚመጣው፣ ለአርኤክስ 6600 ከበቂ በላይ ነው። ኢንቴል ጋ ኮር አይ3 12100ኤፍ ባለ 4 ኮር ነው ግን ለዋጋው ጌም ላይ ጎበዝ ነው፣ አይ5 12400ኤፍ ደግሞ የ5600 እኩያ ነው። የኢንቴሉ ላይ ኤፍ የምትለዋን አስተውሉ፣ የራሱ ግራፊክስ የለውም ማለት ነው፣ 5600ም እንደዛው ነው፣ ካርድ ሳይኖራችሁ ብታበሩት ስክሪኑ ባዶ ነው የሚሆነው። ቢ450 ቦርድ ከ5600 ጋር ስትገዙ ሱቁ ውስጥ ባዮሱን አፕዴት አስደርጉ፣ ያላደገ ባዮስ ያለው ቦርድ 5000 ሲሪየሱን አያውቀውም፣ ቤት ወስዳችሁ አልበራ ሲል ደግሞ ቦርዱ ተበላሽቷል ብላችሁ ትጨነቃላችሁ።

ያገለገለ ኤኤም4 ፕሮሰሰር ስታዩ ከስር ያሉትን ፒኖች በስልካችሁ መብራት በደንብ እዩ፣ አንድ የተጣመመ ካለ ይታያል። የኢንቴሎቹ ፒን ግን ማዘርቦርዱ ላይ ነው ያለው፣ ስለዚህ ያገለገለ የኢንቴል ቦርድ ስትገዙ ሶኬቱን አስከፍታችሁ እዩ። እና ኤኤም4 ኩለር ስትፈቱ ፒሲውን ትንሽ አሙቃችሁ ግራና ቀኝ እያዞራችሁ አንሱት እንጂ ቀጥ ብላችሁ አትሳቡት፣ ፔስቱ ይዞት ፕሮሰሰሩን ከተቆለፈው ሶኬት ውስጥ መንጭቆ ያወጣዋል።

ብሩ ለካርድ ጨርሶ የማይበቃ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ራይዘን 5 5600ጂ ነው፣ የራሱ ግራፊክስ አለው፣ ጂቲኤ 5ንም ካውንተር ስትራይክንም ሴቲንጉን ዝቅ አድርጋችሁ ያጫውታችኋል፣ ከስድስት ወር በኋላ ብር ስታገኙ ካርድ ትጨምሩበታላችሁ። ይሄን ከመረጣችሁ ራሙ የግድ ሁለት ፍሬ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ግራፊክሱ ራሙን ነው የሚጠቀመው፣ አንድ ፍሬ ላይ ሲሆን ፍሬሙ ክፉኛ ይወርዳል።

ሁለተኛው መንገድ ከቢሮ የወጡት ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ኤሊትዴስክ ናቸው፣ መርካቶም ቦሌም ሞልተዋል። እነዚህን ስትገዙ 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዛ በላይ ውሰዱ፣ እንደ አይ5 8500 ያለውን ማለት ነው። ዊንዶስ 10 ጥቅምት 2018 ላይ ሳፖርቱ አብቅቷል፣ ዊንዶስ 11 ደግሞ በህጋዊው መንገድ ከ8ኛ ጄኔሬሽን በታች ያለውን ኢንቴል አይቀበልም፣ ቫሎራንትም ዊንዶስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የሚባሉ የማዘርቦርድ የደህንነት ነገሮችን ይፈልጋል፣ ስለዚህ በ4ኛ ጄኔሬሽን ርካሽነት አትሸወዱ። የነዚህ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይ ጥራቱ ጥሩ ነው ግን ብዙ ጊዜ ከ180 እስከ 260 ዋት ነው፣ ኬብሉም የራሳቸው አይነት ስለሆነ በቀላሉ በሌላ አይቀየርም፣ ስለዚህ ኬብል የማይፈልገውን ጂቲኤክስ 1650 ግጠሙበትና እዛው አቁሙ። ቀጭኑ ኬዝ ከሆነ ደግሞ ሎው ፕሮፋይል የሚባለውን አጭር ካርድ ነው የሚወስደው፣ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ከሳታ ኬብል ወደ ግራፊክስ ካርድ ፓወር የሚቀይረውን አስማሚ የሚያቀርብላችሁ ሰው ይኖራል፣ እባካችሁ አትጠቀሙት፣ የሳታው ኬብል የሚችለው ወደ 54 ዋት ብቻ ነው፣ ከዛ በላይ ሲጎተት ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ቤትም ያቃጥላል።

ራም ከ2018 መጀመሪያ ወዲህ በመላው ዓለም ዋጋው ጨምሯል፣ ፋብሪካዎቹ ለኤአይ ዳታ ሴንተር እያመረቱ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ያገለገለ ዲዲአር4 ፈልጉ፣ ራም ብዙ ጊዜ ስለማይበላሽ ሲያገለግልም ከማይፈሩ ዕቃዎች አንዱ ነው። 16 ጂቢ፣ 8 በ8 ሁለት ፍሬ፣ 3200 ቢሆን ጥሩ ነው። ብሩ ካልበቃ 8 ጂቢ አንድ ፍሬ ግዙና ሁለተኛውን በሚቀጥለው ወር ጨምሩ፣ ግን ተመሳሳይ ፍጥነት ያለውን ፈልጉ። የላፕቶፕ ራም ዴስክቶፕ ላይ አይገባም፣ አጭሩ ነው፣ አደራ።

ማከማቻ ላይ ሃርድዲስክ ብቻውን ይዞ ዊንዶስ መጫን አሁን አይሆንም። 500 ጂቢ ኤስኤስዲ መነሻ ይሁናችሁ፣ ጂቲኤ 5 ብቻውን ከ100 ጂቢ በላይ ይወስዳል፣ በኛ ኢንተርኔት ደግሞ አጥፍቶ መልሶ ማውረድ ጊዜም ፓኬጅም ይፈጃል፣ ስለዚህ አሮጌ ሃርድዲስክ ካላችሁ ጨምሩበትና ጌሞቹን እዛ አቆዩ። ሳታው ኤስኤስዲ በሰከንድ 550 ሜጋ ባይት አካባቢ ያነባል፣ ኤንቪኤምኢው (በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው ቀጭኑ) ብዙ እጥፍ ይፈጥናል፣ ጌም ላይ ግን ልዩነቱ ሎዲንግ ላይ ጥቂት ሰከንድ ነው፣ የተገኘውን ግዙ። ያገለገለ ከሆነ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ላይ ጤናውን በመቶኛ እዩ።

ኬዝ ላይ የምለው የፊቱ ክፍል በመስታወት የተዘጋውን አትግዙ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ነች፣ አየሩ ባህር ዳርቻ ካለው ወደ አንድ አምስተኛ ይሳሳል፣ ፋን ደግሞ ሙቀት የሚያወጣው በአየር ነው፣ ስለዚህ ያው ካርድ ያው ፋን እያለው ዱባይ ውስጥ ኤሲ ባለበት ክፍል ከሚሰራው እዚህ ትንሽ ሞቅ ሊል ይችላል። የቀኑ አየራችን ቀዝቃዛ መሆኑ ያካክሰዋል፣ ድሬዳዋና ሰመራ ያላችሁ ግን ተጨማሪ ፋን የግድ ነው። ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ አቧራ ማጣሪያው የሚወጣ ኬዝ ምረጡ፣ አስፋልት ዳር የምትኖሩ በየወሩ አራግፉት።

ከውጭ የሚመጣ ሰው ካላችሁ የሚያስመጣው ካርድና ፕሮሰሰር ይሁን፣ ትንሽ ቦታ ይዞ ብዙ ዋጋ ያለው እሱ ነው፣ በእጅ ሻንጣ ይምጣ። ኬዝ፣ ፓወር ሰፕላይና ሞኒተር እዚሁ ግዙ። ዱባይ ያለ ሰው ቡር ዱባይ ውስጥ ኻሊድ ቢን አል ወሊድ መንገድ ላይ የኮምፒውተር ሱቆቹን ያገኛቸዋል፣ የትኛውን ሞዴል እንደምትፈልጉ ግን ሙሉ ስሙን ጽፋችሁ ላኩለት፣ "3060 አምጣልኝ" ብቻ ካላችሁት ባለ 8 ጂቢውን ይዞ ሊመጣ ይችላል።

አሁን መጀመሪያ ለብቻ አስቀምጡ ያልኳችሁን የዩፒኤስ ብር አውጡ። 5600 እና አርኤክስ 6600 ያለው ፒሲ ጌም ላይ ወደ 250 ዋት ይበላል፣ ሞኒተር ሲጨመር 280 በሉት። ዩፒኤስ ላይ የሚጻፈው ቪኤ ነው፣ ርካሾቹ ላይ በ0.6 ስታባዙት ዋቱ ይመጣል፣ 650 ቪኤ ማለት 390 ዋት አካባቢ ነው ማለት ነው፣ ጠበብ ያለ ነው፣ 1000 ቪኤ ቢሆን ደህና ነው። ዩፒኤሱ ሁለት ሰዓት አያጫውታችሁም፣ ሴቭ አድርጋችሁ በስርዓት የምታጠፉበትን ጥቂት ደቂቃ ነው የሚሰጣችሁ፣ መብራት ሲመጣም ያንን ብልጭ ጥፍት የሚለውን እሱ ይቀበልላችኋል። ዩፒኤስ ጨርሶ ካልተቻለ መብራት በሄደ ቁጥር ዲቫይደሩን ከግድግዳው ንቀሉና ከመጣ አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ ሰኩ። ኬዙን ስትነኩት የሚነዝራችሁ ከሆነ ደግሞ ቤቱ ውስጥ ያለው ሶኬት ኧርዝ የለውም፣ ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ አሰሩት፣ ለፒሲው ብቻ ሳይሆን ለእናንተም ነው።

ገጥማችሁ ስታበሩ የኤችዲኤምአይ ገመዱን ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ከታች ካርዱ ላይ ሰኩት፣ ካርድ ገዝቶ ገመዱን ቦርዱ ላይ ሰክቶ "ካርዱ አይሰራም" ያለ ሰው ስንት አጋጥሞኛል። ከዛ ባዮስ ገብታችሁ ኤክስኤምፒ የሚለውን አብሩት፣ አለዚያ 3200 ብላችሁ የገዛችሁት ራም 2133 ወይም 2400 ላይ ነው የሚሮጠው። ባለ 144 ኸርዝ ሞኒተር ካላችሁም ዊንዶስ ዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ 144 ላይ አድርጉት፣ ራሱ 60 ላይ ሊተወው ይችላል። እና የመጀመሪያው ሳምንት ሙሉ ኤችዋኢንፎ ክፍት ይሁን፣ ሙቀቱን እያያችሁ ተጫወቱ፣ ደረሰኙንና ካርቶኖቹን አትጣሉ፣ ባለሱቁ የሰጣችሁ የመመለሻ ቀን እስኪያልፍ ድረስ ከባድ ከባዱን ጌም አሁኑኑ ፈትኑበት።